ከዘፈኑ የወጣ ትንፋሽ

በዘፋኞች ዘንድ ስሟን የሚያውቅ የለም ማለት ይቻላል። "መቀስ" ነው የሚሏት። ስልክ የሚደውለውም "መቀስ አለች?" ይላል፣ የተቀየማትም "ያቺ መቀስ" ይላታል፣ ደስ ያለውም "የኔ መቀስ" ይላታል። እውነቱን ለመናገር በሥራዋ ላይ መቀስ ይዛ አታውቅም። ስትጀምር የምትቆርጠው በምላጭ ነበር፤ ኋላ ደግሞ በኮምፒውተር። ስም ግን አንዴ ከተለጠፈ ማን ያስለቅቀዋል?

ሥራዋ የዘፈን ድምፅ ማጽዳት ነው። ዘፋኝ ማይክ ፊት ቆሞ አንዱን ዘፈን ደጋግሞ ይዘፍናል። አንዱ ላይ ቃል ይሳሳታል፣ አንዱ ላይ ያስለዋል፣ አንዱ ላይ ደግሞ ሰውን ቀጥ የሚያደርግ ነገር ጣል ያደርጋል። መቀስ ከዚህ ሁሉ መሃል ደህና ደህናውን ትለቅምና እንደ ወጥ ዘፈን ትገጥመዋለች። ስፌቱ ከተሰማ ሥራዋ ተበላሸ ማለት ነው።

ወደ ሙያው ያስገባት ችግር ነው። አባቷ ገና በልጅነቷ ሞተ። እናቷ ደግሞ እሷ ኮረዳ ሳለች ክረምቱን ሙሉ ሲያስላትና ትንፋሽ ሲያጥራት ከርማ አረፈች። የቀራት ጥርሱን ገና የሚነቅል አንድ ታናሽ ወንድም ነው። እሱን ለማሳደግ ትምህርቷን አቋርጣ፣ ሬዲዮ የሚጠግኑ አንድ ሽማግሌ ዘንድ ካሴት ለመቅዳት ተቀጠረች። ሽማግሌውን ሁሉም "ጋሼ" ነው የሚላቸው። ከሱቃቸው ጀርባ ያለችውን ጠባብ ክፍል፣ ግድግዳዋን በአሮጌ ብርድ ልብስ ሸፍነው፣ ስቱዲዮ አድርገዋት ነበር።

ጋሼ ማስተማር አይሆንላቸውም። ሁለቱን የቴፕ ጎማዎች በእጃቸው ይዘው ክሩን ወደፊትና ወደኋላ ቀስ እያሉ ያሽከረክሩታል፤ የዘፋኙ ድምፅ እንደ በሬ ያጓራል፤ የሆነ ቦታ ሲደርሱ ቀጥ ያደርጉትና በእርሳስ ምልክት አድርገው በምላጭ ሰያፍ ይቆርጡታል። ለምን እዚያ ጋ እንደሆነ ስትጠይቃቸው "ስሚው" ይሏታል። ሰማሁት ስትላቸው "እንደገና ስሚው" ይሏታል። ሌላ መልስ አልነበራቸውም። የሚያውቀው እጃቸው ነበር፤ አፋቸው አልተነገረውም።

እሷም ሰማች። ወራት ሰማችና አንድ ቀን ቁልጭ አለላት። ጠ፣ ቀ፣ ጨ ከመፈንዳታቸው በፊት ትንሽዬ ዝምታ አለቻቸው፤ አፍ ዘግቶ የሚጠብቅባት ቅጽበት። ምላጭ የሚገባው እዚያች ውስጥ ነው። ሰ እና ሸ ግን እንደ ውሃ ይፈሳሉ፤ መሃላቸው ላይ ከቆረጡ ይታወቃል። ይህን ለጋሼ ስትነግራቸው ሽማግሌው ምላጫቸውን እንደያዙ ብዙ አሰቡና፣ "እንዴ፣ ለካ እንደሱ ነው የማደርገው" አሉ።

መሳሳትም ነበር። አንድ ዘፋኝ "ልቤ ውስጥ አለ" ሲል "ለ"ን አለቅጥ አጥብቆ ጎተታት። መቀስ ያሳመረች መስሏት ከመሃሏ የጥፍር ያህል ክር ቆርጣ ጣለች። ግጥሙን የጻፈው ሰው መጥቶ ሲሰማ ፊቱ ተለዋወጠ። ጠብቆ የነበረው "አለ" ላልቶ ቁጭ ብሏል። ማን ነው ያለው፣ ምንስ ብሎ ነው፣ እኔ የጻፍኩት እኮ ልቤ ውስጥ መኖሩን ነው አለ። ቀኑን ሙሉ ቁራጯን ወለል ላይ ሲፈልጉ ዋሉ፤ በመጨረሻ ጋሼ ጫማ ሥር ተለጥፋ ተገኘች። ሰውየው ሳቀ፣ ክሩ ተመልሶ ተጣበቀ፣ መቀስም ከዚያ ወዲያ ጠብቆ የሚነበብ ፊደል ስታይ እጇን የምትሰበስብ ሆነች።

ጋሼ አረጁና ሞቱ። ስቱዲዮውን አንድ አቀናባሪ ወሰደው፤ ኪቦርድ የሚጫወት፣ ተረብ የሚወድ፣ ልቡ ክፉ ያልሆነ ሰው። ምላጩና ክሩ ካርቶን ውስጥ ገቡ፣ ኮምፒውተር መጣ። መቀስ መጀመሪያ ላይ ስክሪኑን ጠላችው። ድምፅን በዓይን ማየት ሰው ልብሱን ሲያወልቅ በመስኮት እንደማየት መሰላት። እየዋለ ሲያድር ግን ለመደችው። ቃል ሁሉ እንደ ኮረብታ ይታያል፤ ከእያንዳንዱ ስንኝ በፊት ደግሞ ስስ ጭጋግ የመሰለች ነገር አለች። ትንፋሽ ናት።

ያን ሰሞን የዘፈን አመል ተለውጦ ነበር። ሰው ዘፈን የሚሰማው በስልኩና በመኪናው ሆነ፤ ሁሉም ዘፈን ከሌላው ዘፈን በልጦ መጮህ ፈለገ። ድምፁን እንዲጮህ ሲጨምቁት ትንንሹ ነገር ሁሉ አብሮ ያብጣል፤ ትንፋሽ የቃል ያህል ይገዝፋል። ስለዚህ ትንፋሽ ይውጣ ተባለ። አውጥቶ መጣል ማንም ይችላል፤ ግን ባዶ ጉድጓድ ሲቀር ሰሚው ምን እንደነካው ሳያውቅ ደረቱ ይጨንቀዋል። መቀስ በምትኩ የክፍሉን ዝምታ፣ ወይ ከክራሩ ምት በኋላ የሚንጠለጠለውን የድምፅ ጭራ፣ ወይ የከበሮውን ማስተጋባት ታስገባበታለች። ዘፋኙ ሰው መሆኑ ይቀርና የተወለወለ ነገር ይሆናል። ይህን በደንብ የምትችለው እሷ ስለነበረች ከየስቱዲዮው ይፈልጓት ጀመር።

ወንድሟ በዚህ መሃል አድጎ ዘፋኝ ሆኗል። የሆቴል ባንድ ውስጥ ነው የሚሠራው፤ ስቱዲዮ ሲመጣም ለሌሎች ዘፋኞች ተቀባይ ሆኖ ነው። የባንዱ ልጆች "ባቡር" ይሉታል፤ ረጅሙን ስንኝ ሳያቆም ጭልጥ አድርጎት ስለሚሄድ። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ ቤታቸው መግቢያ ላይ የስፌት መኪናዋን አስቀምጣ ትሠራለች። አንዲት ሴት ልጅ አለቻቸው። ባቡር እህቱን "እታለም" ነው የሚላት፤ ሚስቱም ከእሱ ለምዳ እንደዚያው ትላታለች። የራሱን አልበም ግን ሳይሠራ ዕድሜው ሄደ። አንዴ ባንዱ ይፈርሳል፣ አንዴ ልጅ ይወለዳል፣ አንዴ ዜማ ሰጪው ዜማውን ለሌላ ይሰጥበታል። ጸጉሩ ሽበት ጣል ጣል ሲያደርግ ነገሩን የተወው ይመስል ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ስቱዲዮ መጣና ወንበሯን ከኋላ ይዞ አሽከረከራት። አልበም ሊሠራ መሆኑን ነገራት። አቀናባሪው እሺ ብሏል፣ ግጥሞቹ አልቀዋል፣ እሷም ታጸዳዋለች። መቀስ ቆማ ግንባሩን ሳመችው። አንድ ነገር ብቻ ገርሟት ነበር፤ ድምፁን የሚቀዳው ጠዋት ጠዋት እንደሆነ ነገራት። የሆቴል ዘፋኝ ከመቼ ወዲህ ነው ጠዋት የሚነሳው ብላ ቀለደችበት። እሱም ጠዋት ድምፄ ይጠራል አለና አለፈው።

መቀስ ሥራ የምትገባው ከሰዓት ነው። ስለዚህ ወንድሟን ሳታገኘው ድምፁን ማግኘት ጀመረች። ጠዋት ዘፍኖ ይሄዳል፤ እሷ ምሳዋን በልታ ስትገባ ድምፁ ስክሪኑ ላይ ተኝቶ ይጠብቃታል። የመጀመሪያዎቹ ዘፈኖች ላይ ምንም አልነበረም። ባቡር እንደ ወትሮው ባቡር ነው። ከዚያ በኋላ በመጣው ዘፈን ላይ ረጅሙን ስንኝ መሃል ላይ ሰብሮ ተነፈሰ። አወጣችው። በሚቀጥለው ዘፈን ላይ ትንፋሹ አጠረ፤ ስቦ ሳይጨርስ ችኩል ብሎ ወደ ቃሉ ይገባል። አወጣችው። ከዚያ በሚቀጥለው ላይ ከምታስቀምጠው የምታወጣው በዛባት።

መጀመሪያ የጠረጠረችው ዕቃውን ነው። ማይኩ ተቀይሯል እንዴ ብላ አቀናባሪውን ጠየቀችው። አልተቀየረም። ወደ ማይኩ ተጠግቶ ይሆን አለች። ወለሉ ላይ ለዘፋኝ መቆሚያ የተለጠፈውን ፕላስተር አሳያት፤ ባቡር እዚያው ላይ ነው የሚቆመው። ድምፅ የሚጨምቀውን ነገር አጥፍታ ጥሬውን ሰማችው፤ ያው ነው። ከዚያ ወንድሟ ከዓመታት በፊት ለሌላ ዘፋኝ የተቀበለውን አንድ ዘፈን ፈልጋ አወጣችና አዲሱን ከሥሩ አስቀመጠችው። ስንኞቹ በርዝመት ይመሳሰላሉ። ላይኛው ላይ ከኮረብታው በፊት አንድ ጭጋግ ብቻ አለ፤ ታችኛው ላይ ጭጋጉ በየመሃሉ ገብቷል።

የጆሮ ማዳመጫውን አድርጋ ቃሉን ሁሉ አስወጣችና ትንፋሹን ብቻ አስቀርታ ሰማችው። ያን ጊዜ አወቀችው። ይህን ትንፋሽ ከዚህ በፊት ሰምታዋለች። ኮረዳ ሳለች፣ ያን ክረምት፣ ከስሱ ግድግዳ ማዶ የእናቷን ትንፋሽ ስትቆጥር ነው የከረመችው። ወንድሟ ያን ጊዜ ሕፃን ነበር፤ ከጎኗ ተኝቶ አልሰማም።

ኮምፒውተሩን ሳታጠፋ ተነስታ ወደ ቤቱ ሄደች። ልብስ ሰፊዋ መኪናዋ ላይ አጎንብሳለች፤ ቀና ብላ አየቻትና ፈገግታዋ ግማሽ ላይ ቀረ። ባቡር በረንዳው ላይ ወንበር አውጥቶ ተቀምጧል።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?" አለችው።

"ምኑ?"

"አታድክመኝ። ትንፋሽህ ነዋ።"

ውስጥ የስፌት መኪናው ቀጥ አለ። ባቡር ወደ በሩ አየት አደረገና ከአልበሙ በፊት መሆኑን ነገራት። ሐኪም ቤት ሄዶ ነበር። ሳንባው እንደ ጠባሳ እየጠነከረ ነው፤ መድኃኒቱ ያዘገየዋል እንጂ አይመልሰውም። አልበሙን የጀመረው ለዚህ ነው። ጠዋት የሚቀዳውም እሷ ቆማ እንዳታየው ነው። ሚስቱ ታውቃለች።

"እኔስ?" አለችው። "እኔ ያሳደግኩህ?"

"አንቺ ከሰማሽ ስቱዲዮ ውስጥ ታለቅሻለሽ። ሰው ሲያለቅስ ደግሞ አይሰማም። እኔ የምፈልገው እንድትሰሚልኝ ነው እታለም። ከጆሮሽ እንደማላመልጥ አውቅ ነበር፤ እስኪያልቅ ድረስ ብታልፊኝ ብዬ ነው።"

መቀስ ወደ ውስጥ ስትገባ ልብስ ሰፊዋ የቀሚስ ቁራጭ ጭኗ ላይ እንደያዘች ታለቅሳለች። አቅፋት ቆየች። ቅያሜው የመጣው ቆይቶ ነው፣ ራሷ ቤት ስትደርስ፤ ምንጣፍ እየጠረገች እያለች መጥረጊያውን ወርውራ ተቀመጠች።

በሚቀጥለው የሐኪም ቀጠሮ አብራው ሄደች። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ታግሶ፣ ሳይቸኩል፣ ሁሉንም አስረዳቸው። ስለ እናታቸው ሲሰማ በቤተሰብ የሚመጣ ሊሆን ስለሚችል እሷም እንድትመረመር አዘዘ። ተመረመረች። ሳንባዋ ደህና ነው ተባለ። ተመስገን ማለት እንዳለባት ታውቃለች፤ ከአፏ ግን አልወጣላትም። ወንድሟ ነው አጠገቧ ሆኖ "ተመስገን" ያለላት።

አልበሙ ቀጠለ። አሁን መደበቅ ስለቀረ መቀስም ጠዋት ትገባለች። ባቡር ቆሞ መዝፈን ሲያቅተው ወንበር ገባለት። ኦክስጅን የሚሰጠው ማሽን ሲያጉረመርም ማይኩ ስለሚቀዳው ማሽኑን ኮሪደር ላይ አስቀምጠው ረጅም ቱቦ በበሩ ሥር አስገቡለት። ስንኝ ሲዘፍን ቱቦውን ከአፍንጫው ያወርደዋል፣ ሲጨርስ መልሶ ያደርገዋል። የመጨረሻው ዘፈን ከሁሉም የረዘመ ስንኝ ያለው ነበር። አቀናባሪው ሊያሳጥረው ሐሳብ አቀረበ። ባቡር እምቢ አለ። ስለዚህ ግማሽ ግማሽ ስንኝ፣ በኋላም ሁለት ሁለት ቃል እያደረጉ ቀዱት። መቀስ ከመስታወቱ ማዶ ሆና እጇን ስታነሳ ይጀምራል፣ ስታወርድ ያርፋል። የምትገጥመው እሷ ስለሆነች የትኛው ፊደል ላይ ቢያቆም እንደሚቀላት ትነግረዋለች። "ጠ ላይ አቁምልኝ፣ እዚያ ጋ ቀላል ነው" ትለዋለች። እሱም እዚያ ጋ ያቆማል።

የመጨረሻው ማጽዳት ሲጀመር ባቡር አጠገቧ ካልተቀመጥኩ አለ። ትንፋሹ ሁሉ እንዲወጣ ነው የሚፈልገው። መቀስ ቢያንስ በመጨረሻው ዘፈን ላይ ይቅር ብላ ለመነችው። ትንፋሽህ ከዘፈንህ ይበልጥብኛል አለችው፤ ከዚያ በላይ ግልጽ አድርጋ ልትነግረው አልቻለችም።

"ሰው ዘፈኔን ይስማልኝ እንጂ ሳንባዬን አይስማ" አላት። "ባቡር ብለውኝ ኖሬያለሁ። እንደ ባቡር ልለፍ። ቃል ግቢልኝ።"

ቃል ገባችለት። ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት፣ ኋላ ስታስባቸው፣ ከሁሉም የሚቀርቧት ናቸው። እሱ ትራስ ደገፍ ብሎ ስክሪኑን ያያል፤ እሷ አንድ በአንድ ትለቅማለች። ጣቱን አንዷ ጭጋግ ላይ አድርጎ ይህቺ የቷ ናት ይላታል። ውሃ ጠጥተህ ትን ያለህ ጊዜ ናት ትለዋለች። ይህቺስ? ይህቺ አቀናባሪው በር ከፍቶ የተናደድክበት ናት። ይህቺስ? ይህቺ ልጅህ ስልክ ደውላ የሳቅክባት፣ ሳቁ ሳያልቅልህ የጀመርክባት። እያንዳንዷን ታውቃታለች። ይስቃሉ፤ እሱ ሲስቅ ስለሚያስለው ደግሞ እሷ ሳቋን ትቆርጣለች። ከዚያ ያቺን ትንፋሽ መርጣ ታጠፋታለች፣ ኮረብታዎቹም ሜዳ ላይ እንደቆሙ ይቀራሉ።

ሥራው ሳያልቅ ሞተ። ከሰዓት በኋላ ነበር፣ ሐኪም ቤት፣ ሚስቱ አንዱን እጁን እህቱ ሌላውን ይዘው። መቀስ እስከ መጨረሻዋ ትንፋሽ ሰማችው። ከዚያች በኋላ ሌላ እንደማይመጣ ከነርሷ ቀድማ አወቀች፤ ግን ማንም እንዲያውቅ አልፈለገችምና እጁን ሳትለቅ ተቀመጠች።

ኀዘኑ በረድ ሲል አቀናባሪው ጠራት። ዓይኑ ቀልቷል። የመጨረሻው ዘፈን ላይ ያሉት ትንፋሾች ቢቀሩ ምን ይመስልሻል፣ ሰው ምን ያህል እንደታገለ ይወቅለት አላት። ክፉ አስቦ አልነበረም። የእሷም የገዛ ልቧ ከአቀናባሪው ጋር ነበር። ግን ቃል ገብቼለታለሁ አለችና ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ያን ሳምንት ሁሉንም አወጣች። ሌላ ሰው አንድ ቀን መልሶ እንዳያስገባቸው ብላም ጥሬ ቅጂዎቹን በሙሉ፣ የየዘፈኑን፣ ከነሳሉ፣ ከነወሬው፣ ከኮምፒውተሩም ከመጠባበቂያውም አጠፋች። ሲጠፋ ምንም ድምፅ አልነበረውም።

አልበሙ ወጣ፣ ተወደደም። በታክሲ፣ በጸጉር ቤት፣ በየሱቁ ይሰማ ጀመር። አንድ የሬዲዮ ጋዜጠኛ ይህ ሰው አይተነፍስም እንዴ ብሎ አደነቀ። መቀስ ይህን የሰማችው ዳቦ ቤት ተሰልፋ ነው። ከፊቷ የቆመች ሴት ዞር ብላ እውነቱን ነው አይደል አለቻት። አዎ አለች መቀስ።

ወራት ካለፉ በኋላ ልብስ ሰፊዋ ስቱዲዮ መጣች። ባሏ ይሠራበት የነበረውን ክፍል አይታው አታውቅም ነበር። የልጇን የትምህርት ቤት ቦርሳ ትከሻዋ ላይ አንጠልጥላ ወንበሩንና ማይኩን እያየች ቆመች። የመጣችበትን ስትናገር ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር። ዘፈኑን አትፈልግም፤ ዘፈኑ ቤቷ አለ። የምትፈልገው በዘፈኖቹ መሃል ያለውን ነው። ሲያስል፣ ውሃ ስጡኝ ሲል፣ ልድገመው ሲል፣ ሲተነፍስ።

"ቤት ከስልኩ የሚዘፍነውን ሰውዬ አላውቀውም" አለች። "እኔ አጠገብ የሚተኛው ሰው ይተነፍስ ነበር።"

መቀስ እውነቱን ነገረቻት። ሁሉንም እንዳጠፋችው፣ ማንም እንዳያገኘው ብላ በገዛ እጇ እንዳጠፋችው። ልብስ ሰፊዋ መጀመሪያ የሰማች አልመሰለችም። ኋላ ግን ቦርሳውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረችና፣ "ሳትጠይቂኝ?" አለች። "እኔ እኮ ሚስቱ ነኝ።" ሌላ ቃል ሳትጨምር ወጣች።

ከዚያ በኋላ አልተደዋወሉም። መቀስ ሁለት ጊዜ ደጃፏ ድረስ ሄዳ የስፌት መኪናውን ድምፅ ሰምታ ተመልሳለች። ስቱዲዮ ውስጥ ሥራ አቃታት። የአንዲት ወጣት ዘፋኝ ድምፅ ከፊቷ ተዘርግቶ ትንፋሽ ማውጣት ስትጀምር እጇ ይቆማል። አቀናባሪው አይቶ ጥቂት ቀን እረፊ አላት። ያረፈች ጊዜ ግን አንድ ነገር ገባት። ዘፈኖቹን በስልኳ ስትሰማ የትንፋሾቹ ቦታ ባዶ ሆኖ አይሰማትም ነበር። እያንዳንዷ የት እንደነበረች፣ ምን ያህል እንደነበረች፣ አፉን ከፍቶ ይሁን በአፍንጫው የሳባት፣ ታውቃለች። ደጋግማ ሰምታ፣ ደጋግማ ለይታ፣ አንድ በአንድ ነው ያወጣቻቸው።

አንድ እሁድ ከቀትር በፊት የልብስ ሰፊዋን በር አንኳኳች። ሴትየዋ ከፈተችላት፤ ግቢም አላለቻት፣ ሂጂም አላለቻት። መቀስ ገባችና የመጨረሻውን ዘፈን ክፈችው አለቻት። አልፈልግም አለች። ክፈችልኝ እባክሽ አለቻት። ልጅቷ ናት ስልኩን አንስታ የከፈተችው።

ሶፋው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ክራሩ ገባ። ባቡር ከመግባቱ በፊት መቀስ አየር ሳበች፤ ፈጠን አድርጋ፣ አጠር አድርጋ፣ ጫፏን ቆረጥ አድርጋ። ድምፁ ገባ። ሁለት ቃል ሄደ፤ እንደገና ሳበች። ስንኙ መሃል ላይ በአፍንጫዋ፣ ስንኙ መጨረሻ ላይ በአፏ፣ ውሃ የጠጣበት ቦታ ላይ ምራቋን ውጣ፣ ቱቦውን ያደረገበት ቦታ ላይ ረጅም አድርጋ። ልብስ ሰፊዋ መጀመሪያ ላይ ዓይኗን አፍጥጣ አየቻት፤ እብደት ሳይመስላት አልቀረም። በሦስተኛው ስንኝ ላይ ፊቷ ተለወጠ። ዓይኗን ጨፈነች። መዳፏን መቀስ ጀርባ ላይ አደረገችና ዘፈኑ እስኪያልቅ እዚያው ተወችው። ልጅቷ በሩ ላይ ቆማ ጥፍሯን ትበላለች።

ዘፈኑ ሲያልቅ መቀስ ራሷን አዞራት። የእሷ ደረት ጤነኛ ነው፤ እንደዚያ አጥሮ መተንፈስ አልለመደም። ልብስ ሰፊዋ ተነስታ ውሃ አመጣችላት።

"የመጀመሪያውንም ታውቂዋለሽ?" አለቻት።

"ሁሉንም።"

ከዚያ ወዲህ እሁድ እሁድ ትሄዳለች። ምሳ አብረው ይበላሉ፣ ልጅቷ የቤት ሥራዋን ትሠራለች፣ ከዚያ አንድ ዘፈን ይከፍታሉ። ስለ እሱ ብዙ አያወሩም። መቀስ ወደ ሥራዋም ተመልሳለች። ትንፋሽ አውጪ ሲሏት አሁን ዘፋኙን ራሱን ጠርታ ትጠይቀዋለች፤ ብዙዎቹ ይስቁባታል፣ አውጪው ይሏታል፣ ታወጣዋለች። ጥሬውን ግን አታጠፋም። አቀናባሪው ኮምፒውተሩ ሞላ እያለ ያማርራል፣ እሷም እንዳልሰማች ታልፈዋለች።

በቅርቡ የሆነው ነገር ይህ ነው። እሁድ ነበር፤ የመጨረሻውን ዘፈን ከፍተዋል። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ሲደርሱ መቀስ ቦታው ጠፋባት። ከቃሉ በፊት ነበር ወይስ በኋላ? ዘፈኑ አይጠብቅም። ደነገጠችና ገምታ ሳበች። ድምፁ ቀጠለ፣ እሷም ቀጠለች። ግን ይህ እንደማይቆይ፣ ዓመት በዓመት ላይ ሲደረብ አንዷ ትንፋሽ ከሌላዋ ጋር እየተምታታች ሁሉም ከእጇ እንደሚወጣ ያኔ አየች።

ልብስ ሰፊዋ ዓይኗን ሳትገልጥ መዳፏን ከመቀስ ጀርባ ላይ አነሳች።

"እዚህ ጋ አይደለም እታለም" አለች ቀስ ብላ። "ከቃሉ በኋላ ነው። እንዲህ።" ብላ ራሷ ሳበችው፣ አጠር አድርጋ።

መቀስ ዞር ብላ አየቻት። ስልኩን አነሳችና ዘፈኑን ወደ መጀመሪያው መለሰችው።